አማካዩ ብቻውን አይበቃም፦ በዳክት ውስጥ የሚገጠም የዩቪ አምፖልን በኮምፒውተር ማስላት

በአየር ዳክት (የአየር ማስተላለፊያ ቱቦ) ውስጥ በዩቪ (አልትራቫዮሌት) አምፖል አጠገብ የሚያልፍ አየር በጨረሩ ውስጥ የሚቆየው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሰከንድ በታች ነው። በዚያች ቅጽበት አየሩ ከያዘው ተሕዋስ ስንት እጁ እንደሚሞት ለማወቅ ሕያው ተሕዋስ ወደ ዳክቱ ረጭቶ ከአምፖሉ በፊትና በኋላ ናሙና መውሰድ ይቻላል። ለዚህ አሽሬ (የአሜሪካ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር) 185.1 የተባለ የሙከራ ደረጃ አለ። ይሁንና ላቦራቶሪ፣ የሙከራ ዳክትና የሠለጠነ ባለሙያ ስለሚጠይቅ ለእያንዳንዱ ንድፍ አይደረግም። ስለዚህ አምፖሉ የት ይቀመጥ፣ ስንት ይሁን፣ የዳክቱ ላሜራ ምን ይሁን የሚለው መጀመሪያ በኮምፒውተር ይፈተሻል።

ብዙ ሞዴሎች የሚሳሳቱት ለአየሩ በሙሉ አንድ አማካይ ዶዝ (የተቀበለው የጨረር መጠን) አስልተው ውጤቱን ከእሱ ሲያወጡ ነው። አማካይ ዶዝ በወረቀትና በእርሳስ ይገኛል። ኮምፒውተር የሚያስፈልገው ዶዙ በአየሩ ውስጥ እንዴት እንደተከፋፈለ ለማወቅ ነው፤ ተሕዋሱ የሚያመልጠው ትንሽ ዶዝ ባገኘው አየር ውስጥ ሆኖ ነውና።

መነሻው ሕግ

ዝቅተኛ ግፊት ያለው የሜርኩሪ አምፖል ዋና ጨረር 254 ናኖሜትር ላይ ነው። በዚህ ጨረር ከተመታ ተሕዋስ በሕይወት የሚቀረው፦

የተረፈ ድርሻ = ኤክስፕ(−ኬ × ዶዝ)

ኤክስፕ የኤክስፖኔንሻል ስሌት ነው፤ 2.718 በቅንፉ ውስጥ ባለው ቁጥር ከፍ ሲል። ዶዝ ማለት የጨረሩ ብርታት (ዋት በካሬ ሜትር) በቆይታ ጊዜ (ሰከንድ) ተባዝቶ ሲሆን መለኪያው ጁል በካሬ ሜትር ነው። ኬ የተሕዋሱን ተጋላጭነት የሚገልጽ ቋሚ ቁጥር ነው፤ መለኪያው ካሬ ሜትር በጁል። በጽሑፎች ላይ ዶዝ ብዙ ጊዜ በሚሊጁል በካሬ ሴንቲሜትር ይሰጣል፤ 1 ሚሊጁል በካሬ ሴንቲሜትር 10 ጁል በካሬ ሜትር ነው። የአሥር እጥፍ ስሕተት የሚገባው በዚህች በር ስለሆነ ሥራውን በሙሉ በአንድ መለኪያ ያዙ።

ኬን ስትመርጡ በአየር ላይ ተንሳፍፎ ከተለካ ተሕዋስ የተገኘውን ውሰዱ። በውኃ ውስጥ ወይም በሳህን ላይ የተለካው ኬ ለአየር አይሆንም። እርጥበትም ይለውጠዋል፤ አንጻራዊ እርጥበቱ ከ70 በመቶ ሲያልፍ ብዙ ተሕዋስያን ጨረሩን ይበልጥ ይቋቋማሉ። ለመነሻ ያህል፣ ለሙከራ የሚያገለግለው ኤምኤስ2 ቫይረስ በአየር ላይ 0.04 ገደማ፣ የባሲለስ ስፖር ደግሞ ከ0.01 እስከ 0.02 አካባቢ ነው። በአንድ ኬ ብቻ አትወሰኑ። ቢያንስ ለሦስት ኬ አስሉ፤ ከዚህ በታች የምናሳየው አሠራር ፍሰቱንም ጨረሩንም እንደገና ሳያሰላ ይህን ይፈቅዳል።

አማካዩ ምን ያህል እንደሚያሳስት በቁጥር እንየው። ከአየሩ ግማሹ 20፣ ግማሹ 100 ጁል በካሬ ሜትር አገኘ እንበል፤ አማካዩ 60 ነው። ኬ 0.05 ከሆነ በአማካዩ ያሰላ ሰው «5 በመቶ ብቻ ተረፈ» ይላል። ለየብቻ ሲሰላ ግን ከመጀመሪያው ግማሽ 36.8 በመቶ፣ ከሁለተኛው 0.7 በመቶ ይተርፋል፤ ከጠቅላላው 18.7 በመቶ ማለት ነው። የተረፈው ተሕዋስ ከተገመተው አራት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ቀረው። ስለዚህ መጀመሪያ ለእያንዳንዱ የአየር ክፍል የተረፈውን አስሉ፣ ከዚያ አማካዩን ውሰዱ፤ ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ።

ሶፍትዌር ከመክፈታችሁ በፊት የሚሠራ ስሌት

ለምሳሌነት 0.6 በ0.6 ሜትር የሆነ ዳክት፣ የአየር ፍጥነቱ 2.5 ሜትር በሰከንድ፣ ፍሰቱ 0.9 ሜትር ኩብ በሰከንድ እንውሰድ። ጨረር የሚደርስበት ርዝመት 1.5 ሜትር ነው፤ ስለዚህ ቆይታው 0.6 ሰከንድ ይሆናል። ሁለት አምፖሎች ዳክቱን ከጎን ወደ ጎን አቋርጠው በከፍታው ሲሶና ሁለት ሲሶ ላይ ተቀምጠዋል። የእያንዳንዱ የሚያበራ ርዝመት 0.5 ሜትር፣ እውነተኛ የዩቪ ኃይሉ 30 ዋት ነው።

አማካይ ዶዝ = የዩቪ ኃይል × ጨረሩ በአየር ውስጥ የሚጓዘው አማካይ ርቀት ÷ የአየር ፍሰት

ይህ ቀመር ፍሰቱ ቀጥ ቢልም ቢሽከረከርም ያው ነው። በዳክቱ ውስጥ ያለው ጠቅላላ ብርታት የሚወሰነው በአምፖሉ ኃይልና ጨረሩ ግድግዳ ላይ ተውጦ እስኪቀር በሚጓዘው ርቀት ብቻ ነው። ከዚህ የሚከተለው ነገር ለዲዛይን ትልቅ ትርጉም አለው፦ አየሩን የሚያማስል ክንፍ ወይም ወንፊት ብታስገቡ አማካይ ዶዙ አይጨምርም። የሚለወጠው ክፍፍሉ ነው፤ ብዙ ያገኘውና ትንሽ ያገኘው አየር ይቀራረባሉ።

ጨረሩ ከአምፖሉ ተነሥቶ መጀመሪያ ግድግዳ እስኪነካ በዚህ ዳክት ውስጥ በአማካይ 0.4 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከነካ በኋላ በእያንዳንዱ ነጸብራቅ የሚጓዘው አማካይ ርቀት 4 × ይዘት ÷ ጠቅላላ ስፋት ነው። ይዘቱ 0.54 ሜትር ኩብ፣ ስፋቱ ሁለቱን ክፍት ጫፎች ጨምሮ 4.32 ካሬ ሜትር ስለሆነ 0.5 ሜትር ይመጣል። የላሜራው ነጸብራቅ 0.55 ቢሆን፣ ክፍት ጫፎቹ ምንም ስለማይመልሱ አማካዩ 0.46 ነው። በነጸብራቅ የሚጨመረው ርቀት 0.5 × 0.46 ÷ 0.54፣ ማለትም 0.42 ሜትር ገደማ። ድምሩ 0.82 ሜትር።

ነጸብራቅን ከተውነው አማካይ ዶዙ 60 × 0.4 ÷ 0.9 = 27፣ ከጨመርነው 55 ጁል በካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። በኬ 0.05 የመጀመሪያው 74 በመቶ፣ ሁለተኛው 93 በመቶ ግድያ ይሰጣል። የላሜራው ዓይነት ብቻ ይህን ያህል ያራርቃል። እነዚህ ቁጥሮች ጣሪያ ናቸው፤ ኮምፒውተሩ በተመሳሳይ ግብዓት ከእነሱ የሚበልጥ ግድያ ካሳያችሁ ሞዴሉ ውስጥ ስሕተት አለ።

የአምፖሉ እውነተኛ ኃይል

በካታሎግ ላይ ያለው የዩቪ ዋት ከ100 ሰዓት ሥራ በኋላ፣ በረጋ አየር የተለካ ነው። በዳክት ውስጥ ነፋሱ አምፖሉን ያቀዘቅዘዋል። የተለመደው የሜርኩሪ አምፖል በደንብ የሚያበራው የቱቦው ግድግዳ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲሆን ነው፤ ቀዝቃዛ ነፋስ ሲመታው ጨረሩ ወደ ግማሽ ሊወርድ ይችላል። አማልጋም አምፖል (ሜርኩሪው ከሌላ ብረት ጋር የተዋሐደበት) የሙቀት ለውጥን የተሻለ ይችላል። በዕድሜም ይደክማል፤ በአምራቹ የአገልግሎት ዘመን መጨረሻ (ብዙ ጊዜ 9,000 ሰዓት) ከ80 እስከ 85 በመቶው ይቀራል። የምሳሌያችን 30 ዋት የመጣው እንዲህ ነው፦ 45 ዋት ካታሎግ × 0.85 ለዕድሜ × 0.8 ለነፋስ። የነፋሱን ቁጥር ከአምራቹ የፍጥነትና የሙቀት ሠንጠረዥ አውጡ። ሠንጠረዥ የሌለውን አምፖል ለዳክት ባትመርጡት ይሻላል። ደግሞም በኤሌክትሪክ ዋት አታሰሉ፤ ከኤሌክትሪኩ ወደ 254 ናኖሜትር የሚለወጠው ሲሶ ገደማ ብቻ ነው።

ጨረሩን በቦታ በቦታ ማስላት

ቀጥታውን ጨረር በፓይተን በሃያ መስመር ኮድ መጻፍ ይቻላል። እያንዳንዱን አምፖል 100 ቁራጭ አድርጉት (እዚህ ላይ 5 ሚሊሜትር ይሆናሉ)። በዳክቱ ውስጥ ላለ ለእያንዳንዱ ነጥብ የሁሉንም ቁራጮች ድርሻ ደምሩ፦

ብርታት = የአምፖሉ ኃይል ÷ (ፓይ² × የቁራጮች ብዛት × ርቀት²) × ሳይን(ማዕዘን)

ማዕዘኑ በአምፖሉ ዘንግና ከቁራጩ ወደ ነጥቡ በሚሄደው መስመር መካከል ያለው ነው። ሳይኑን አትተዉት። ቱቦው በጎኑ እንጂ በጫፉ ብዙም አያበራም፤ ሳይን የሌለው ቀመር ከአምፖሉ ጫፍ ባሻገር የሌለ ብርሃን ያሳያችኋል። ኮዱን ለመፈተሽ በአንድ 30 ዋት አምፖል መካከል ትይዩ በ10 ሴንቲሜትር 113፣ በ30 ሴንቲሜትር 26 ዋት በካሬ ሜትር ማግኘት አለባችሁ። 20 ሴንቲሜትር በመራቅ ብቻ ብርታቱ ከሩብ በታች ወረደ፤ የክፍፍሉ ችግር ከዚህ ይነሣል።

ከግድግዳ የሚመለሰውን ጨረር በሞንቴ ካርሎ፣ ማለትም ብዙ ጨረሮችን በዘፈቀደ አቅጣጫ ለቅቆ በመከታተል አስሉ። ቢያንስ አንድ ሚሊዮን ጨረሮች ከአምፖሉ ላይ ልቀቁ፤ እያንዳንዱ የኃይሉን ድርሻ ይይዛል። በሚያልፍበት ሴል (ዳክቱ የተከፋፈለበት ትንሽ ሳጥን) ሁሉ «ኃይል × በሴሉ ውስጥ የተጓዘው ርቀት» ይመዝገብ፤ ድምሩ ለሴሉ ይዘት ሲካፈል ብርታቱን ይሰጣል። ግድግዳ ሲነካ ኃይሉ በነጸብራቁ ይባዛና በሁሉም አቅጣጫ ይበተናል። መጨረሻ ላይ የሁሉንም ሴሎች ብርታት × ይዘት ደምራችሁ ለአምፖሎቹ ኃይል አካፍሉ፤ የሚመጣው ከላይ በእጅ ያሰላችሁት አማካይ ርቀት ነው። ከ0.82 በጥቂቱ ቢለይ ደህና ነው፤ እጥፍ ከሆነ ኮዱን መርምሩ።

የነጸብራቅ ቁጥር በ254 ናኖሜትር የተለካ መሆን አለበት። ለዓይን የሚያብረቀርቅ ነገር ለዩቪ ጨለማ ሊሆን ይችላል። ነጭ ቀለም አብዛኛውን ጊዜ ከ0.1 በታች ይመልሳል፤ ነጭ የሚያደርገው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ዩቪን ይውጣልና። አይዝጌ ብረት 0.25 እስከ 0.3፣ ጋልቫናይዝድ ላሜራ 0.5 አካባቢ፣ አሉሚኒየም እንደ አሠራሩ ከ0.6 እስከ 0.85 ነው። አቧራና ዝገት ስለሚያደበዝዙት ዝቅተኛውን ጫፍ ተጠቀሙ።

ሞንቴ ካርሎ መጻፍ የማይፈልግ ሰው በኦፕንፎም ወይም በፍሉዌንት (የፍሰት ማስያ ሶፍትዌሮች) ያለውን የጨረር ሞዴል መጠቀም ይችላል፤ ሁለት ወጥመድ ግን አለው። አንደኛው፣ የአቅጣጫዎቹ ብዛት ትንሽ ሲሆን ከቀጭን አምፖል የሚወጣው ጨረር እንደ ኮከብ ጨረሮች ተከፋፍሎ በመካከላቸው የውሸት ጥላ ይታያል። ሁለተኛው የባሰ ነው፦ እነዚህ ሞዴሎች የተሠሩት ለሙቀት ጨረር ስለሆነ በ300 ኬልቪን ያለ ግድግዳ በራሱ 459 ዋት በካሬ ሜትር ያመነጫል፤ በየነጥቡ የሚታየው ብርታት 1,800 ይደርሳል። የዩቪው 26 በዚያ ውስጥ ይሰወራል። በጨረር ስሌቱ ላይ የግድግዳውን ሙቀት ወደ ዜሮ ኬልቪን አቅርቡ፣ የአየሩንም የመዋጥ ቁጥር ዜሮ አድርጉ፤ በዚህ ርቀት አየር 254 ናኖሜትርን አይከለክልም።

ሲኤፍዲ (የአየር ፍሰትን በኮምፒውተር ማስላት) ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም

ወደ ፍሰት ስሌት ከመግባታችሁ በፊት ጣሪያውን በወለል ደግፉ። የዳክቱን አፍ በ1 ሴንቲሜትር ካሬዎች ከፋፍሉ፤ በምሳሌያችን 3,600 ይሆናሉ። አየሩ ምንም ሳይቀላቀል በእያንዳንዱ ካሬ ቀጥ ብሎ ያልፋል ብላችሁ በመስመሩ ላይ ያለውን ዶዝ ደምሩ፣ ለእያንዳንዱ የተረፈውን አስሉ፣ ከዚያ በፍሰት መዝናችሁ አማካዩን ውሰዱ። አየሩ ሙሉ በሙሉ ቢቀላቀል የሚገኘው ጣሪያ፣ ጨርሶ ባይቀላቀል የሚገኘው ወለል ነው። ለቀጥተኛ ዳክት እውነቱ በሁለቱ መካከል ይወድቃል። ልዩነታቸው ጥቂት መቶኛ ነጥብ ብቻ ከሆነ ወለሉን ይዛችሁ ሥራችሁን ጨርሱ፤ የሳምንት ሲኤፍዲ የሚጨምርላችሁ ነገር የለም። ሲኤፍዲ የሚያስፈልገው ሁለቱ ሲራራቁ፣ ወይም ከአምፖሉ በፊት መታጠፊያ፣ ፋን ወይም ዳምፐር (የአየር መቆጣጠሪያ መዝጊያ) ሲኖር ነው።

ፍሰቱን ማስላት

የሞዴሉን መግቢያ አምፖሉ ጋ አታድርጉ። ከፊት ቢያንስ አምስት የዳክት ስፋት ቀጥተኛ መስመር አስገቡ፤ በቅርብ መታጠፊያ ካለ ከነመታጠፊያው ሳሉት። መታጠፊያ አየሩን ወደ ውጭኛው ጎን ይገፋል፤ በዚያ በኩል ፍጥነቱ ሲጨምር ቆይታው ያጥራል። የተሠራ ዳክት ከሆነ ፍጥነቱን ቢያንስ በ25 ነጥቦች ለክታችሁ እንደ መግቢያ ስጡት።

በ0.6 ሜትር ዳክትና በ2.5 ሜትር በሰከንድ የሬይኖልድስ ቁጥሩ (ፍሰቱ ምን ያህል እንደሚናወጥ የሚያመለክተው) 100,000 ገደማ ነው፤ ኬ-ኦሜጋ ኤስኤስቲ የተባለው የተርቡለንስ (የአየር ንውጠት) ሞዴል ለዚህ ይበቃል፤ የእሱ ኬ ከተሕዋሱ ኬ ጋር አይገናኝም። በመግቢያው ላይ የተርቡለንስ መጠኑን 5 በመቶ፣ ፋን ቅርብ ከሆነ 10 በመቶ አድርጉ። ሜሹ (ዳክቱን በሴሎች የሚከፋፍለው መረብ) በአምፖሉ ዙሪያ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር፣ ሌላው ቦታ ከ1.5 እስከ 2 ሴንቲሜትር ይሁን። አምፖሉን እንደ ጠጣር ሲሊንደር ሳሉት፣ መያዣውንም አትርሱ። ከ1.9 ሴንቲሜትር አምፖል ጀርባ በዚህ ፍጥነት ሽክርክሪት በሰከንድ 26 ጊዜ ገደማ ይነሣል። በጊዜ የማይለወጥ ስሌት ይህን ቅልቅል ስለማያየው ግድያውን በጥቂቱ ዝቅ አድርጎ ያሳያል፤ ስሕተቱ ወደ ጥንቃቄው ጎን ስለሆነ እንቀበለዋለን።

ሁለቱን ማገናኘት

ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው ተሕዋሱን በአየር ውስጥ እንዳለ ክምችት ቆጥሮ በተጠናቀቀው ፍሰት ላይ ማጓጓዝ ነው። በመግቢያው ክምችቱን 1 አድርጉ፤ በየሴሉ «−ኬ × ብርታት × ክምችት» የሚል መቀነሻ ጨምሩ፤ በመውጫው በፍሰት የተመዘነው አማካይ በቀጥታ የተረፈውን ድርሻ ይሰጣል። አገዳደሉ ከክምችቱ ጋር ቀጥተኛ ዝምድና ስላለው የተርቡለንስ ንቅናቄ ተጨማሪ ማስተካከያ አይጠይቅም። በዚሁ ስሌት ላይ ሁለተኛ ተጓዥ ጨምሩ፦ መግቢያው ዜሮ፣ ምንጩ ብርታቱ ራሱ። ይህ ዶዝ ነው። በመውጫው ያለው አማካዩ የሁሉም ሴሎች ብርታት × ይዘት ለፍሰቱ ተካፍሎ ከሚሰጠው ጋር እኩል መሆን አለበት። ከ1 በመቶ በላይ ከተለየ ስሌቱ አልተጠናቀቀም ወይም ሜሹ አምፖሉ አጠገብ ሸካራ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ቅንጣቶችን መልቀቅ ነው፦ 1 ማይክሮሜትር የሆኑ 10,000 ቅንጣቶች፣ በመግቢያው በፍሰት ተመዝነው። እርምጃቸው ከ1 ሴንቲሜትር አይብለጥ፤ በዚህ ፍጥነት 4 ሚሊሰከንድ ነው። እያንዳንዱ ያገኘውን ዶዝ ይዞ ይወጣል። ዶዞቹን በፋይል አስቀምጡ፤ ከዚያ ለማንኛውም ኬ የተረፈውን በአንድ መስመር ኮድ ታገኛላችሁ። እኛ ይህን የምንመርጠው ዝቅተኛውን አሥር በመቶ ለይቶ ስለሚያሳይ ነው። እነዚያ ቅንጣቶች የት እንዳለፉ መልሳችሁ በዳክቱ አፍ ላይ ሳሉ። አብዛኛውን ጊዜ በማዕዘኖቹና ከአምፖሉ ጫፍ እስከ ጎን ግድግዳ ባለችው 5 ሴንቲሜትር ክፍተት ያልፋሉ። አምፖሉን ማስረዘም ወይም ማዕዘኑን በአሉሚኒየም ላሜራ መሸፈን የሚገባው እዚያ ነው።

ውጤቱን የሚያሳምሩ ስሕተቶች

ቅልቅል ሲጨምር ግድያ ይጨምራል። ስለዚህ የውሸት ቅልቅል የሚፈጥር ነገር ሁሉ ውጤቱን ያሳምረዋል፤ የሚያስፈራውም ማንም መልካም ቁጥርን ስለማይጠራጠር ነው። አንደኛ ደረጃ የሆነ የአፕዊንድ ስልት (የሴሉን ዋጋ ፍሰቱ ከመጣበት ጎረቤት ሴል የሚወስድ) እና ሸካራ ሜሽ ሁለቱም እንዲህ ያደርጋሉ። ለክምችቱ ሁለተኛ ደረጃ ስልት ተጠቀሙ፤ በሦስት ሜሾች (እያንዳንዱ በ1.4 ጊዜ እየደቀቀ) አስልታችሁ የተረፈው ድርሻ መለወጡን እስኪያቆም ተከታተሉ። የተገደለውን መቶኛ አትከታተሉ። ከ98 ወደ 97 መውረድ ትንሽ ይመስላል፤ የተረፈው ግን ከ2 ወደ 3 በመቶ ሄዷል።

ተቃራኒው ስሕተትም አለ። በኦፕንፎም ቀላሉ የክምችት ማጓጓዣ በተርቡለንስ የሚመጣውን ቅልቅል በራሱ አይጨምርም። የተርቡለንስ ቪስኮሲቲውን በሽሚት ቁጥር (ንውጠቱ ክምችቱን ምን ያህል እንደሚያቀላቅል የሚወስነው) 0.7 አካፍላችሁ ካልሰጣችሁት ክምችቱ እንደ ክር ተለያይቶ ይወጣል፤ የተረፈውም ይጋነናል። የሽሚት ቁጥሩን በ0.7 እና በ1.0 ሁለት ጊዜ አስልታችሁ ልዩነቱን በሪፖርቱ ጻፉ።

ቅንጣቶች ግድግዳ ነክተው እንዲቀሩ አትፍቀዱ። ቅንጣቶችን በተርቡለንስ ምክንያት በዘፈቀደ የሚያናውጠው ሞዴል በግድግዳ አጠገብ ከእውነተኛው በላይ ያጣብቃቸዋል፤ የጠፉት ቅንጣቶች ደግሞ ከማዕዘን የመጡት፣ ትንሽ ዶዝ ያገኙት ናቸው። ግድግዳው እንዲመልሳቸው አድርጉ።

በመለኪያ ማረጋገጥ

የዩቪ መለኪያ በእጃችሁ ካለ በዳክቱ ውስጥ ጥቂት ነጥቦችን ለኩ። መለኪያው ጠፍጣፋ ስለሆነ የሚያነበው ከፊት ለፊቱ የሚመጣውን ነው፤ ሞዴሉ የሚሰጠው ደግሞ ከሁሉም አቅጣጫ የሚመጣውን። በ30 ሴንቲሜትር ከአንድ አምፖል ሞዴሉ 26 ሲል ጠፍጣፋው መለኪያ 24 ማንበብ አለበት። ነጸብራቅ ሲጨመር ልዩነቱ ይሰፋል። ስለዚህ ለማነጻጸር ከሞዴሉም የጠፍጣፋውን ቁጥር አውጡ። ለኬብሉ ትንሽ ቀዳዳ ክፈቱ፣ በሩን ዝጉ፣ ከዚያ አምፖሉን አብሩ። ለ254 ናኖሜትር የስምንት ሰዓት የመጋለጥ ገደብ 60 ጁል በካሬ ሜትር ሆኖ ሲሠራበት ቆይቷል፤ በ26 ዋት በካሬ ሜትር ይህ ከ3 ሰከንድ በታች ይሞላል። በሩ ሲከፈት አምፖሉን የሚያጠፋ ማብሪያ ያልተገጠመበት ዳክት ውስጥ ማንም እጁን ማስገባት የለበትም።

ከዳክቱ ወደ ክፍሉ

ሞዴሉ የሚሰጠው በአንድ ማለፍ የተገደለውን ነው። አየሩ ወደ ክፍሉ ተመልሶ የሚዞር ከሆነ ለክፍሉ የሚቆጠረው ግድያ × ፍሰት ነው። በምሳሌያችን 93 በመቶ × 3,240 ሜትር ኩብ በሰዓት ወደ 3,000 ገደማ ንጹሕ አየር ይሰጣል። በዚያው አምፖል ፍሰቱን በ30 በመቶ ብንጨምር ግድያው ወደ 88 በመቶ ይወርዳል፤ ንጹሕ አየሩ ግን ወደ 3,700 ይወጣል። አምፖል ጨምረን ከ93 ወደ 99 በመቶ ብንወጣ የምናገኘው 3,200 ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ አምፖል ከመጨመራችሁ በፊት ፋኑ ምን ያህል ትርፍ አቅም እንዳለው ጠይቁ፤ ፍሰቱ ሲለወጥ ግን የአምፖሉ ቅዝቃዜም ስለሚለወጥ የነፋሱን ቁጥር ከሠንጠረዡ እንደገና አውጥታችሁ ሞዴሉን አስኪዱት።